ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ ተመደባችሁ? እንዲህ ጀምሩ

የትምህርት ክፍል ምደባ ሲለጠፍ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ፊቱ የሚጠቁረው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ የደረሰው ነው። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። ሒሳብን የሞላሁት በአምስተኛ ምርጫነት፣ ቅጹ ባዶ እንዳይቀር ብዬ ነው። ከመንዝ ስነሣ ቤተሰቤ መርቆ የሸኘኝ መሐንዲስ እንድሆን ነበርና ለአባቴ ደውዬ ምደባውን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሒሳብማ ታውቅ የለም እንዴ? አራት ዓመት ሙሉ ምን ሊያስተምሩህ ነው?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። እኔም መልሱን ያገኘሁት ሁለት ዓመት ከተንገላታሁ በኋላ ነው።

አሁን ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ከሥራ ሰዓት ውጭ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። በየዓመቱ የማየው ስሕተት ያው ራሴ የሠራሁት ስለሆነ፣ ከፍሬሽማን እስከ መውጫ ፈተና ያለውን አጠናን በቅደም ተከተል ልጻፈው። መመሪያው ለመካከለኛ ተማሪ ነው። ጥያቄ እንዳየ መልሱ ብልጭ የሚልለት ሰው ይህን ማንበብ አያስፈልገውም፤ እንዲህ ያለ ሰው እስካሁን ያጋጠመኝ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ኋላ ላይ ሕግ ተማረ።

አንደኛ፦ የቆየውን ቀዳዳ ድፈኑ

ካልኩለስ የጣለው የሚመስለውን ተማሪ ብዙ ጊዜ የጣለው የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የመጀመሪያው የአጋማሽ ፈተናዬ ከ30 11 ሆኖ ሲመለስልኝ ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ዴሪቬቲቩን በትክክል አውጥቻለሁ። ቀጥሎ ግን (ሀ+ለ)² የሚለውን ሀ²+ለ² ብዬ ፈትቼዋለሁ፤ ያውም በሦስት ጥያቄ ላይ።

ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ባለው ክረምት፣ ካልሆነም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፋችሁን አውጡና በየቀኑ ሃያ ጥያቄ ሥሩ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማዳረስ አያስፈልግም። ክፍልፋይ፣ ቅንፍ መፍታትና ፋክተር ማድረግ፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ ይበቃሉ።

አንድ ሕግ ሲያጠራጥራችሁ ትንሽ ቁጥር አስገቡበት። ሀ 3፣ ለ 4 ይሁን። (3+4)² 49 ነው፤ 3²+4² ደግሞ 25 ነው። አልተስማሙም፤ ሕጉ ውሸት ነው። ፍተሻው ዐሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ስለተስማማ ብቻ ሕጉን እንዳታምኑት፤ በ3 እና በ4 ፋንታ 0 እና 4 ብታስገቡ ኖሮ ያ የተሳሳተ ሕግ በሰላም ያልፍ ነበር። አንድ የማይስማማ ምሳሌ ሕግን ያፈርሳል፤ ሺህ የሚስማሙ ምሳሌዎች ግን አያጸኑትም። ይህን ከአሁኑ ካወቃችሁት ሦስተኛ ዓመት ላይ ከምትማሩት ትልቁን ነገር በእጃችሁ አስገብታችኋል።

ሁለተኛ፦ የተሠራውን ጥያቄ ዝጉትና እንደገና ሥሩት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ሀንድአውት የሚያነብ ተማሪ ታውቃላችሁ። መምህሩ የሠሩትን ምሳሌ መስመር በመስመር እየተከተለ «እሺ፣ ይኼ ገብቶኛል» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። በእርግጥም ገብቶታል። ፈተና ላይ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው፤ የሚከተለው መስመር የለም። አውድማ ዳር ቆሞ ገብስ ሲወቃ ያየ ሰው ወቃሁ አይልም፤ እኛ ግን ሲሠራ ያየነውን ጥያቄ ሠራነው እንላለን።

የምትሠሩት እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተሠራውን ምሳሌ አንድ ጊዜ አንብቡና ዝጉት። ባዶ ወረቀት ላይ ጥያቄውን ብቻ ገልብጡና ጀምሩ። የምትቆሙበት ቦታ ይመጣል፤ አይቀርም። እዚያ ላይ ቶሎ ብላችሁ ሀንድአውቱን አትግለጡ። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ታገሉ፦ የተሰጠው ምንድን ነው? የተጠየቀው ምንድን ነው? ሥዕል ይወጣለታል? ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን ምን ይሆን ነበር? ካልሆነ ግለጡ፤ የቆማችሁበትን መስመር ብቻ አይታችሁ መልሳችሁ ዝጉ። ከዚያ ካቆማችሁበት ሳይሆን ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሩ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህችን ነው። ከመካከል የሚቀጥል ሰው ጥያቄው እንዴት እንደሚጀመር ሳይማር ይቀራል፤ ፈተና ላይ የሚያስጨንቀው ደግሞ አጀማመሩ ነው።

በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ምንም ሳታዩ ሥሩት። ከተሳካ ቁጥሩን ለውጡና የራሳችሁን ጥያቄ ፍጠሩ። ካልተሳካ የቆማችሁበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ለብቻው በተያዘ ቀጭን ደብተር ላይ ጻፉት። እኔ «የማሰናከያ ደብተር» እለዋለሁ። የኔን ኋላ ላይ ሳየው ግማሹ ስለ መቀነስ ምልክት ነበር።

በዚህ አሠራር አንድ ጥያቄ አርባ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ጎረቤታችሁ በዚያው ሰዓት ዐሥራ አምስት ጥያቄ «ሸፍኗል»። ይሸፍን።

ሦስተኛ፦ ብያኔውን በአማርኛ ተናገሩት

ሪል አናሊስስ፣ ማለትም ካልኩለስን ከመሠረቱ የሚያረጋግጠው ኮርስ፣ ሲጀመር ትምህርቱ ከስሌት ወደ ዓረፍተ ነገር ይዞራል። ትምህርቱ ደግሞ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ብያኔውን፣ ማለትም የአንድን ቃል ትክክለኛ ሒሳባዊ ትርጉም፣ እንደ ዳዊት ሸምድዶ ቃል ሳያጓድል የሚወጣ፣ ትርጉሙን ሲጠየቅ ግን ዝም የሚል ተማሪ ሞልቷል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ቃል በቃል ገልብጡ፤ ከሥሩ በአማርኛ ለታናሽ ወንድማችሁ እንደምታስረዱት አድርጋችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ብያኔውን የሚያሟላ አንድ ምሳሌና የማያሟላ አንድ ምሳሌ ጨምሩበት። የማያሟላው ከሁሉም ይበልጣል።

ትልቁ ወጥመድ «ለእያንዳንዱ» እና «አለ» የሚሉት ቃላት ቅደም ተከተል ነው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቱ፦ «ለእያንዳንዱ ተማሪ ብርድ ልብስ አለ» እና «ለተማሪዎቹ ሁሉ የሚሆን አንድ ብርድ ልብስ አለ»። ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ባለች፣ ያውም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ፣ በኅዳር ሌሊት የሁለቱ ልዩነት ለማንም አይጠፋውም። በመጀመሪያው ሁሉም ተኝቶ ያድራል፤ በሁለተኛው ጠብ ይነሣል።

በኮንቲኒዩቲ (ፈንክሽን ሳይዘል የመቀጠሉ ነገር) እና በዩኒፎርም ኮንቲኒዩቲ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ኤፕሲሎን በውጤቱ ላይ የሚፈቀደው ልዩነት ነው፤ ዴልታ ደግሞ ያን ልዩነት ላለማለፍ ከነጥቡ መራቅ የሚቻልበት መጠን ነው። ኤፕሲሎን ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያው እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ዴልታ ይዞ ይመጣል፤ በሁለተኛው ግን አንድ ዴልታ ለነጥቦቹ ሁሉ መብቃት አለበት። ቁጥርን በራሱ የሚያባዛውን ፈንክሽን ውሰዱ። በመላው የቁጥር መስመር ላይ ወደ ሩቅ በሄዳችሁ መጠን አቀበቱ እየከፋ ስለሚሄድ የሚያስፈልገው ዴልታ እያነሰ ይመጣል፤ አንዱ ለሁሉም አይበቃም። ከ0 እስከ 1 ባለው ዝግ ክፍል ላይ ግን አንዱ ብርድ ልብስ ሁሉንም ያለብሳል።

አራተኛ፦ ማረጋገጫ መጻፍን ከምታውቁት ነገር ጀምሩ

ማረጋገጫ፣ ማለትም አንድ ሕግ ሁልጊዜ እውነት መሆኑን በምክንያት ማሳየት፣ የብዙ ሰው ልብ የሚሰበርበት ቦታ ነው። እኔን ያዳነኝ መምህርም መጽሐፍም አልነበረም፤ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ የክፍሌ ልጅ ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ይችል ነበርና በዓላትን በቃሉ ያወጣ ነበር። አንድ ቀን ቆሎ እየቆረጠምን አሠራሩን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት።

በ2018 ዓ.ም. እንሞክረው። ዓመተ ዓለሙን ለማግኘት 5500 ይጨመራል፤ 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ስለሆነ ዘመኑ ማርቆስ ነው፤ 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ባይተርፍ ዮሐንስ ይባል ነበር። 7518 ለ4 ሲካፈል የሚደርሰው 1879፣ መጠነ ራብዒት የሚባለው ማለት ነው፣ ከራሱ ከ7518 ጋር ሲደመር 9397 ይሆናል። ይህን ለ7 ብታካፍሉት 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳልና መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ። የቀን መቁጠሪያችሁን አይታችሁ ፍረዱ።

ቀጥሎ 7518ን ለ19 ስናካፍል 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። ከመደብ አንድ ሲቀነስ ወንበር ይባላል፤ 12። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ሲካፈል፣ የሚተርፈው አበቅቴ ነው፦ 132፣ ቀሪው 12። ወንበር በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው፦ 228፣ ቀሪው 18። ከዚያ ልጁ እንደ ቀላል ነገር፣ «አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው» አለ።

«ለምን?» አልኩት። «እንዲህ ነው የተማርነው» አለኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ተቀመጥንበት። ማረጋገጫው አራት መስመር ነው። ወንበር ሲባዛ 11 እና ወንበር ሲባዛ 19 አብረው ሲደመሩ ወንበር ሲባዛ 30 ይሆናሉ። ስለዚህ የሁለቱ ቀሪዎች ድምር ለ30 ያለ ቀሪ የሚካፈል መሆን አለበት። እያንዳንዱ ቀሪ ከ30 ያንሳልና ድምራቸው 0 ወይም 30 ከመሆን አያልፍም። 0 የሚሆነው ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ወንበር ደግሞ ከ0 እስከ 18 ብቻ ስለሚደርስ ይህ የሚሆነው ወንበር ራሱ ዜሮ ሲሆን ነው። በሌላው ጊዜ ሁሉ ድምሩ 30 ነው።

እዚህ ላይ አንዷ የተለየች ሁኔታ አስጨነቀችኝና ወንበር ዜሮ ሲሆንስ ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ሳቀ። ሊቃውንቱ ቀድመው አስበውበታል፤ «አልቦ አበቅቴ» ይባላል፣ መጥቅዑም 30 ተብሎ ይያዛል። በ2025 ዓ.ም. ይገጥማችኋል፤ 7525ን ለ19 አካፍሉና እዩት።

ከዚህች ምሽት ስለ ማረጋገጫ አጻጻፍ ሦስት ነገር ተማርኩ። መጀመሪያ በቁጥር ሞክሩ፤ የሆነውን ሳታዩ ለምን እንደሆነ አይታያችሁም። ቀጥሎ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጧል ብላችሁ ጻፉ፤ «ግልጽ ነው» የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ የማናውቀውን መሸፈኛ ናት። በመጨረሻም ዳር ላይ ያሉትን ሁኔታዎች፣ ዜሮን፣ አንድን፣ ባዶውን ስብስብ ለይታችሁ ፈትሹ። የቁጥር ንድፈ ሐሳብና አብስትራክት አልጀብራ ስትማሩ እነዚህን ቀሪዎች በሌላ ስም ታገኟቸዋላችሁ፤ አሠራሩ ያው ነው።

አምስተኛ፦ ስታቲስቲክስን በራሳችሁ መረጃ ሥሩ

የስታቲስቲክስ ተማሪ ቀመር ይሸመድድና መረጃ ሳይነካ ይመረቃል። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ትንሽ መረጃ በእጃችሁ ሰብስቡ። የአምስት የዶርም ጓደኞች ወርሃዊ ገንዘብ 500፣ 600፣ 600፣ 700 እና 5,600 ብር ነው እንበል። አማካዩ 1,600 ብር ነው፤ ከአምስቱ አንድም ሰው ወደዚያ አይጠጋም። በቅደም ተከተል ተደርድረው መካከል ላይ የሚገኘው 600 ስለ ዶርሙ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል።

ፕሮባቢሊቲ ስትጀምሩ ደግሞ የልደት ቀንን ጥያቄ በክፍላችሁ ሞክሩት። 23 ሰው ባለበት ክፍል ቢያንስ ሁለቱ አንድ የልደት ቀን የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ነው፤ በ40 ሰው ወደ 89 በመቶ ይደርሳል። ስሌቱን ከግልባጩ፣ ማለትም ማንም ከማንም ካለመጋራቱ ዕድል ጀምሩት። ከዚያ በእውነት ቀናቱን ሰብስቡ። እኛ ስንሰበስብ ከገጠር የመጣነው ብዙዎቻችን የተመዘገብነው በግምት ሆኖ ተገኘ፤ መስከረም 1 የተወለደው ቁጥር ስፍር የለውም። ስሌቱ ቀናቱን ሁሉ እኩል ዕድል ያላቸው አድርጎ ነው የሚነሣው። እኛ ዘንድ ያ መነሻ አልሠራም፤ ቀመሩን ከመጠቀም በፊት መነሻውን መጠየቅ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገሩ የክፍላችን ብቻ አይደለም። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት የኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራዎች የተመዘገበው ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይከመራል። ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ «አርባ» ወይም «አርባ አምስት» ይላል እንጂ አርባ ሦስት ብሎ አይጨነቅም። ይህ ክምር የሚለካበት የዊፕል መለኪያ አለ፦ ዕድሜያቸው ከ23 እስከ 62 ከሆኑት መካከል በ0 እና በ5 የሚያልቁት ተቆጥረው ለጠቅላላው አንድ አምስተኛ ይካፈላሉ፣ ከዚያ በ100 ይባዛል። ክምር ከሌለ 100፣ ሁሉም ከተከመረ 500 ይወጣል። የቀበሌያችሁን ሰዎች ጠይቃችሁ ሞክሩት።

ሪግሬሽንን፣ ማለትም የሁለት ነገሮችን ግንኙነት በመስመር መግለጽን፣ ለመረዳት አውቶቡስ ይበቃል። ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀት ይቀንሳል፤ የመስመሩ ዝንባሌ ኔጌቲቭ ነው። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይለወጣል። በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል በግምት 1,500 ሜትር ስላለ መስመሩ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይተነብያል። በስልካችሁ የለካችሁት ከዚህ ቢለይ የተረፈው ልዩነት ሬዚዱዋል ነው፤ ሰዓቱ፣ ደመናው፣ ነፋሱ እዚያ ውስጥ አሉ። መስመሩን ከፍታው ዜሮ እስከሚሆንበት ብትስቡት ስለ ባሕር ዳርቻ ሙቀት አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። አውቶቡሱ ግን እዚያ አልደረሰም፤ ያላያችሁትን አገር በመስመር አትግለጹ።

ለስሌቱ ኤክሴል ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን «አር» (R) የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ልመዱ። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት ሲሆን በነፃ ይወርዳል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የግቢው መረብ ፈጣን በሆነበት ሰዓት አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙት። ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት በአምስት ቁጥር ላይ በእጃችሁ ሠርታችሁ አመሳክሩ። የናሙናው ቫሪያንስ፣ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካው፣ ለምን ለናሙናው ቁጥር ሳይሆን አንድ ተቀንሶለት እንደሚካፈል ያኔ ትጠይቃላችሁ፤ አማካዩ ራሱ ከናሙናው ስለተወሰደ ልዩነቶቹ ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ፣ የመጨረሻው ልዩነት ነፃነት የለውም።

ስድስተኛ፦ ሰዓቱና ብርዱ

ደብረ ብርሃን የምትማሩ ከሆነ አልጋ ላይ አጥንቶ ያለፈ ሰው አላየሁም። ጋቢ ውስጥ የገባ እጅ እስክሪብቶ አይይዝም። የጽሑፍ ሥራውን ቀን፣ ፀሐይዋ ግድግዳውን ስታሞቅ ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥሩት። ማታ የሚቀለውን አድርጉ፦ የነገውን ክፍል ገረፍ ገረፍ አድርጎ ማንበብ፣ ብያኔ መከለስ። መብራት ከጠፋም ሒሳብ ከሌላው ትምህርት ይሻላል፤ አንድ ጥያቄ ይዞ በጨለማ ማሰብ ይቻላል።

በቡድን ስታጠኑ ከሦስት አትብለጡ፤ ማንም ጥያቄውን ለብቻው ሳይሞክር አይምጣ። አንዱ ቆሞ ያስረዳል፤ ሌሎቹ የሚፈቀድላቸው ቃል «ለምን?» ብቻ ነው።

ሰባተኛ፦ ፈተና

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ፈልጉ፤ ግን መልሱን ሳይሆን ሰዓቱን ለመለማመድ። ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ፣ እንደ እውነተኛው ፈተና ተቀመጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለና ለማለፍ 50 ከመቶ ስለሚያስፈልግ፣ የሁለተኛ ዓመት ሊኒየር አልጀብራ በመጨረሻው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ኮርስ ባለቀ ቁጥር የማሰናከያ ደብተራችሁን በካርቶን አኑሩት፤ ለማንም አትስጡ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ደብተሮቼን ለአንዲት ቆሎ ሻጭ ሰጥቼ ነበር። ከወራት በኋላ ከእርሷው የሁለት ብር ቆሎ ስገዛ መጠቅለያው የገዛ እጅ ጽሕፈቴ ሆኖ አገኘሁት። የኢንቲግራል ጥያቄ ነበር። ቆሎውን እየቆረጠምኩ አየሁት፤ ሦስተኛው መስመር ላይ የመቀነሱ ምልክት ተረስቷል።